ለአንጁሎ መጀመሪያ ያለቀስኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከሲቀላ ገበያ ስመለስ፣ የላንቴ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በድሮው ትምህርት ቤት አጥር ሥር አለፍኩ። በዚያ በኩል ብዙ ጊዜ አልሄድም። ያን ዕለት ግን ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ነበርኩ፤ አጥሩ ደግሞ ጥላ ነበረው። በጥላው ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ወጣቶች ተደርድረው እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ያወራሉ። አንዱ ግድግዳውን ይቆጣል። አንዷ ስልኳን ፊት ለፊቷ ይዛ ትለማመጣለች። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። መነጽሬን አውጥቼ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብኩ፤ ለቴአትር ትምህርት አመልካቾች የተሰጥኦ ፈተና ይላል። ሙዙን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩና ቆምኩ። እግሬ ደከመኝ ብል ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን መሄድ አልፈለግሁም።

“እማማ፣ ቸኩለዋል?” አለችኝ ከሰልፉ መጨረሻ ያለችው ልጅ።

“አይ፣ ምን የሚያስቸኩል ነገር አለኝ።”

“ትንሽ ቢሰሙኝ? ጓደኞቼ ሲሰሙኝ ይስቁብኛል።”

ጂንስ ሱሪ ለብሳለች፤ ነጭ ጫማዋ እንዳይቆሽሽ ጫፍ ጫፉን ነው የምትረግጠው። የባሏን መርዶ የሰማች ሴት ሆና ተጫወተችልኝ። ነጭ ጫማዋን ረስታ አፈሩ ላይ ተንበረከከች፣ ደረቷን ያዘች፤ እንባዋ እውነተኛ እንባ ነበር፣ በጉንጯ ወርዶ ሸሚዟ ላይ ተንጠባጠበ። ስትጨርስ ፊቷን ጠርጋ ቀና አለች።

“እንዴት ነው?”

“እንባሽ ግሩም ነው። ማን ነው የሞተው?”

“ባሌ ነዋ።”

“ስሙስ?”

“ስም እንኳ የለውም። ዝም ብሎ ባል ነው።”

“ስም ስጪው” አልኳት። “ስም የሌለው ሰው አይለቀስለትም። ስትሰጪው ግን ተጠንቀቂ።”

“እንዴት?” ብላ ሳቀች። መልሴን ሳትሰማ ተራዋ ተጠርቶ ሮጠች። ልጠብቃት አስቤ ነበር፤ ፀሐይዋ ዞራ ጥላው ሲያልቅ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለእሷ ያልመለስኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባሌን አንጁሎን ከቀበርኩ ዘጠኝ ወር ሊሞላኝ ነው። እጄ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፎ ይደክመዋል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ገጽ ሙሉ ይሄዳል። ማንም አያጣድፈኝም።

ያኔ ሲቀላና ሴቻ፣ የአንድ ከተማ ሰፈሮች ሆነው ሳለ፣ እንደ ሁለት አገር ነበሩ። ታች ሲቀላ ያለ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ሴቻ ሊሄድ ሲነሳ ጎረቤቱን ይሰናበት ነበር ማለት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ነፋሱ ከላይ ሴቻ ነው፤ ገበያው፣ አሳ ጥብሱ፣ ትንኙ ታች። እኔ ከገረሴ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወርጄ፣ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ሲቀላ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሦስታችንም አንድ ላይ በወር የምናዋጣው ኪራይ ዛሬ አንድ ባጃጅ ከሲቀላ ሴቻ ልውሰዳችሁ ብሎ የሚጠራውን አያህልም። በስሙኒ የሚገዛው ሙዝ ለሦስት ሰው እራት ይሆናል፤ ከደጋው የመጣን ልጆች ሙዝ ለእራት ሲሆን የመጀመሪያውን ወር ደስ ብሎን፣ ሁለተኛውን ወር አልቅሰን በላነው። ሙቀቱን ግን አልለመድነውም። የገረሴን ብርድ እያነሳን፣ ጋቢ ያስፈለገን ሌሊት የት ሄደ እያልን፣ ራቁት እግራችንን ሲሚንቶው ላይ ዘርግተን እናጠና ነበር።

ወንዶቹ ከጉልበት በታች የሚሰፋ የተርጋል ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ማበጠሪያውን እዚያው ሰክተውት ይሄዳሉ። እኛ ሸራ ጫማችንን ቅዳሜ ቅዳሜ በኖራ እናነጣዋለን። ከገበያው ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከሲንጀሩ አጠገብ ቴፕ ያስቀምጣል። ባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ዘፋኙ ድምፁ ወፍሮ የሚያንቀላፋ ይመስላል፤ እኛ እዚያ ቆመን እንደዚያ አንቀላፍቶ የሰማነውን ዜማ ስለተማርን፣ ኋላ በትክክለኛው ፍጥነት ስንሰማው ዘፈኑ ሌላ መሰለን። አሁን በዚያ ማዕዘን የሞባይል ቀፎ ይሸጣሉ። ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ የሚሰማው ያንን የሚያንቀላፋ ሰው ነው።

በየግድግዳው መፈክር ይጻፍ የነበረበት ዘመን ነው። ስለዚያ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። ለእኔ ያ ዘመን ማለት የቀበሌው ኪነት ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ድራማ እንሠራ ነበር፤ ስለ መሃይምነት፣ ስለ ወባ፣ ስለ ሰነፍ ገበሬ። አንድ ቀን የሰነፉ ገበሬ ሚስት ሆኜ ባሌን ስገስጽ ከታዳሚው አንድ ሽማግሌ ተነስተው “ልጄ፣ ተይው፣ ይሻለዋል” አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ትልቅ ሰው እኔ የፈጠርኩትን ነገር አምኖ አዘነልኝ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሥራ አልታይ አለኝ።

ስለዚህ ሁለት መምህራን ከአዲስ አበባ፣ ከኮሌጅ፣ ተዋናይ የሚሆን ልጅ ሊመርጡ ይመጣሉ ሲባል ልቤ አበደ። ከእኛ ከተማ የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። ትምህርቱ ስለተጀመረ የተመረጠው በማግሥቱ ጠዋት በእነሱው መኪና ይሄዳል። አባቴ ገረሴ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ደብዳቤ ላክሁለት፣ መልሱ በሦስተኛው ቀን በሹፌር እጅ መጣ። “አንዴ ሞክሪ። ካልሆነልሽ መምህራን ማሰልጠኛ ትገቢያለሽ፤ ሁለተኛ የቴአትር ነገር አታነሺብኝም” ይላል። ከአባቴ ይህን ያህል ማግኘትም ቀላል አልነበረም። ሁለተኛ ዕድል እንደሌለኝ ግን ያን ወረቀት ሳጥፈው አውቄዋለሁ።

የፈተናው ዕለት ገበያ ነው። ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ በር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ ከኋላዬ አንድ ረጅም ልጅ ቆመ፤ ሸሚዙ በክርኑ በኩል ተቀዷል፣ የተቀደደውን በእጁ ሸፍኖ ነው የሚያወራው። አንጁሎ እባላለሁ አለኝ። የካምባ ሰው ነው፤ አባቱ ሻንካ ሞተዋል፤ ለእናቱ አንድ ነው።

“አንቺስ ከየት ነሽ?”

“ከገረሴ።”

“ታዲያ ጎረቤት ነን። ካምባ ስንወርድ ስንወጣ በእናንተ በር ነው የምናልፈው። ሰላም ግን አትሉንም።”

“ስታልፉ አቧራ ታለብሱናላችሁ፤ ሰላም የሚል አፍ የት አለን?”

ሳቀ። ጥርሱ ያምር ነበር። ከዚያ ክርኑን ደጋግሞ አየና “በዚህ ሸሚዝ ፊታቸው አልቀርብም፤ ሴቻ ጓደኛ አለኝ፣ ኮት ያውሰኛል። ተራዬን ጠብቂልኝ” ብሎ ዳገቱን እየሮጠ ወጣ። እኔ ተጠራሁ።

ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ ባለ መነጽር ሰውዬና ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አለ። መስኮቱም በሩም የገበያው ጫጫታ እንዳይገባ ተዘግቷል። ስሜን ጠየቁኝ፤ ዘነበች አልኳቸው። ያጠናሁትን ድራማ ልጀምር ስል ሰውዬው እጁን አነሳ።

“ያጠናሽውን ተይው። ባልሽ ሞቷል። አሁን ነው መርዶው የመጣልሽ። ቀጥይ።”

“የት ነው የሞተው?”

“የትም ይሁን።”

“ስሙስ ማን ነው?”

“ስሙ ምን ያደርግልሻል?”

“ስሙን ሳልጠራ እንዴት አለቅስለታለሁ?”

ሰውዬው ወደ ሴትዮዋ ዞር አለ። እሷ ፈገግ ብላ “እንግዲያው አንቺ ስም አውጪለት” አለችኝ።

ለምን ያ ስም እንደመጣ ዕድሜዬን ሙሉ ተጠይቄያለሁ፤ ከሁሉም በላይ የጠየቀኝ ባለቤቱ ነው። መልሱ ሌላ አይደለም፣ አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው። አንድ ሰዓት ያልሞላው ስም ነበር።

በደጋው ስላደግሁ ለቅሶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ጩኸት ጥሪ ነው፤ ጎረቤት እንዲሰማ ነው የሚጮኸው። በር ዘግቶ የሚያለቅስ የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግሁት ሄጄ በሩን መክፈት ነው። ከዚያ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሰውዬው ይህ ሁሉ ትወና መስሎት በወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነበር የጀመርኩት፤ ሁለተኛው ቃል ላይ ወደ ጋሞኛ ገባሁ፤ በሌላ ቋንቋ አልቅሼ አላውቅማ። አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጥኩ፣ እየተመለስኩ፣ የሟቹን ሥራ አነሳሁ። የካምባው አንጁሎ፣ የሻንካ ልጅ፣ ለእናቱ አንድ የሆንከው፤ ወንዝ ሲሞላ እናትህን በጀርባህ ያሻገርካት፤ መንገደኛ ሳያበላ የማያሳልፈው፤ የድሃ ማሳ ሳይነግሩት ሄዶ የሚቆፍረው። አንዱንም አላውቅለትም። ሁሉንም እዚያው ፈጠርኩት፤ እየፈጠርኩት አመንኩት፤ አምኜውም እንባዬ ወረደ።

ሲቀላ ገበያ ያለው ሰው ግማሹ የደጋ ሰው ነው። እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ቆሞ አጣርቶ የሚያለቅስ ሰው ነውር ነው። እናም ጎመን የምትሸጠው ጎመኗን፣ ቆጮ የምትሸጠው ቆጮዋን ትታ፣ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ በበሩ ገቡ። እኔ ከጀርባዬ እንደ እኔ ያለ ድምፅ ስሰማ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ፤ ተፈታኞቹ እያገዙኝ መሰለኝ። ዞር ስል አዳራሹ ሞልቷል። ሴቶቹ እንደ አገራቸው እየሮጡ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እኔ ያልኩትን እየተቀበሉ ያለቅሳሉ። ባለ መነጽሩ የውሃ ብርጭቆውን ይዞ ጥግ ቆሟል።

“የካምባው አንጁሎ ነው ያልሽው?” አለች አንዲት ነጭ ሽንኩርት የያዘች ሴት፣ እጄን ጨብጣ። “የሻንካ ልጅ?”

“አዎ” አልኳት፤ አሁንም ፈተናው ውስጥ ነኝ።

“ልጃችንን” ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማሬ ትባላለች፤ የአንጁሎ አክስት ነች።

ያን ጊዜ ነው የሆነው የገባኝ። “አልሞተም፣ ውሸት ነው፣ ፈተና ነው” ብል ማን ይሰማኛል? ሐዘንተኛ ሴት “አልሞተም” ስትል ብርቅ አይደለም፤ ሁሉም ትላለች። ሁለት ሴቶች በሁለት በኩል ደግፈው ውሃ አጠጡኝ። “አይዞሽ፣ መቀበል ነው እንግዲህ” ይሉኛል። አንዷ ደግሞ በጎን በኩል “መቼ ነው ያገባው? አልሰማንም እኮ” ስትል፣ ሌላዋ “የከተማ ልጆች መች ይናገራሉ” አለቻት።

ግማሽ ሰዓት እንደዚህ ቆየን። ከዚያ አንጁሎ ገባ። እጅጌው እስከ ጣቱ ጫፍ የሚደርስ ጥቁር ኮት ለብሷል፣ ጸጉሩን በውሃ አርሶ አስተኝቷል። በሩ ላይ ቆሞ ለቅሶውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

“ማን ሞተ?” አለ ቀስ ብሎ።

አክስቱ ማሬ ተነስታ ሄደች፤ ፊቱን ዳሰሰችው፣ ኮቱን ዳሰሰችው፤ ከዚያ በያዘችው ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ትከሻውን መታችው።

“በሕይወት ካለህ የት ነበርክ?”

“ኮት ልዋስ ሄጄ።”

“ሰው ሲሞት ኮት ይዋሳል?”

ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለ። ፈታኟ ሴት ነገሩ ሲተረጎምላት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ቀና ስትል ግን ዓይኗ ቀይ ነው። ከባልደረባዋ ጋር ትንሽ ተነጋግረው “አንቺን ነው የምንወስደው” አለችኝ። “ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሴቻ፣ ከሆቴሉ በር ላይ። ልብስሽን ይዘሽ ነይ።” የሌሎቹ ፈተና በዚያ ሁካታ ተቋረጠ፤ አንጁሎ የተዋሰውን ኮት እንደለበሰ ሳይፈተን ቀረ። እኔ ግን ያን ሰዓት ስለ እሱ አላሰብኩም። አንድ ሰው ብቻ ይወሰዳል ተብሎ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ።

ደስታዬ እስከ ግቢው በር አደረሰኝ። በሩ ላይ ማሬ ከሁለት የአገሯ ሽማግሌዎች ጋር ቆማ አገኘኋት። የካምባው መኪና ሄዷል። ከለቅሶው መሐል ተነስተው የተሳፈሩ ሴቶች አሉበት፤ ስልክ የለም፤ እስከ ማታ መርዶው እናቱ ቤት ይደርሳል። ሽማግሌዎቹ አልተቆጡኝም። አንደኛው እንደ ልጁ እጄን ይዞ ነገረኝ። ለቆመ ሰው ማልቀስ ጎሜ ነው፤ ጎሜ የምንለው ሳይታረም ከተተወ ቤተሰብ ላይ የሚከርም ጥፋት ነው። አንጁሎ ሄዶ ቢታይም አይበቃም። ያለቀሰችው ራሷ ለምለም ሳር ይዛ፣ እናቱ ፊት ተንበርክካ፣ ያልኩት አልሆነም ብላ በአፏ ካልመለሰችው፣ እናት ልጇን አትነካውም።

“እኔ ለብቻዬ እሄዳለሁ” አለ አንጁሎ። “አንቺ መኪናሽ እንዳያመልጥሽ። እናቴን አስረዳታለሁ።”

“እንዴት አድርገህ?”

“ቆሜ እየተናገርኩ የለም እንዴ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?”

ቀልድ ነበር። ግን ፊቱ አልቀለደም። ያን ሌሊት ልብሴን በካርቶን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ አሰርኩ። የማላውቃት ሴት አንድ ልጇን እያለቀሰች እንደሆነ፣ እሷን ያስለቀሳት የእኔ ፈጠራ እንደሆነ፣ በነጋታው ልጇ በሩ ላይ ቆሞ ልትነካው እንደማትችል አሰብኩ። ኮሌጁንም አሰብኩት። ሁለቱን ማስማማት አልቻልኩም። ሊነጋጋ ሲል ዳገቱን ወጣሁ፤ ካርቶኑን ግን አልያዝኩም። ፈታኟ መኪናው አጠገብ ቆማ ነበር።

“ቦታው አይጠብቅሽም” አለችኝ፣ ከነገርኳት በኋላ።

“አውቃለሁ።”

“ሰው እኮ አልሞተም።”

“እናቱ ግን አታውቅም።”

“እንደ ትናንቱ ያለቀሰ ተፈታኝ አይቼ አላውቅም” አለችና ጨበጠችኝ። ቦታው ከእኔ በፊት ለተፈተነች አንዲት የሴቻ ልጅ ተሰጠ። ጎበዝ ነበረች፤ ኋላ ድምጿን በሬዲዮ ስሰማ ጆሮዬን ሰጥቼ አዳምጣት ነበር፤ ቅናት አልነበረኝም ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነበረኝ።

ጨውና ቆርቆሮ የጫነ ኤንትሬ አገኘን። ጋቢናው ሞልቶ ስለነበር እኔና አንጁሎ ቆርቆሮው ላይ ሸራ አንጥፈን ተቀመጥን። ከታች የአባያና የጫሞ ውሃ እየራቀ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ እኔ ለሁለት ዓመት ያልሸተትኩት የደጋ ጭጋግ ሲነካኝ፣ ጥፋተኛ መሆኔን እየረሳሁ ተነፈስኩ። ገረሴ ስንደርስ ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። መርዶው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። አንድ የአባቴ ደንበኛ ወደ መኪናው ቀና ብሎ “ካምባ ለቅሶ ነው አሉ፤ እናንተም ለዚያ ነው?” አለ።

“አዎ” አለ አንጁሎ።

“ማን ነበር የሞተው?”

“እኔ።”

ሰውዬው አሰበ፤ ከዚያ “እግዜር ያጥናህ” ብሎ ሄደ። ካምባ እስክንደርስ አንጁሎ በዚያ እየሳቀ ተጓዘ። “ለመሆኑ ወንዝ ያሻገርኳት ስትዪ ምን አስበሽ ነው?” ይለኛል። “እናቴ ቤት አጠገብ ወንዝ የለም እኮ።”

ከቀትር በኋላ ደረስን። የእናቱ ቤት በእንሰት የተከበበ ነው፤ ግቢው በሰው ሞልቶ ለቅሶው ከመንገድ ይሰማል። አንጁሎ እንሰቱ ኋላ ቆየ። እኔ ከቦዩ ዳር እርጥብ ሳር ነቅዬ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ገባሁና በሰዎቹ መሐል ተንበረከኩ። “አንጁሎ አልሞተም። ሳይሞት ያለቀስኩለት እኔ ነኝ። ያልኩት አልሆነም” አልኩ። ስላልሰሙኝ ደገምኩት። ሦስተኛውን ስል ለቅሶው ቆመ።

እናቱ ከሴቶቹ መሐል ወጣች። አጭር ናት፤ ፊቷ በለቅሶ አብጧል። ሳሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ወዲያው ልጄ የት አለ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣

“ምን ብለሽ ነው ያለቀስሽለት?” አለችኝ።

እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ ስለ መንገደኛው፣ ስለ ድሃው ማሳ፣ ስለ ወንዙ።

“ወንዝ አሻግሮኝ አያውቅም” አለች። “ውሃ ቅዳ ሲባልም ያጉረመርማል።”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከእንሰቱ ውስጥ “እማዬ፣ ልውጣ?” የሚል ድምፅ መጣ። እናቱ ድምፁን አወቀችው። ወደ ድምፁ ግን አልዞረችም።

“ቆይ” አለችው። “ስለ አንተ እየተወራ ነው።” ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። “መልሰሽ ንገሪኝ። እንዳወራሽው ሳይሆን፣ እንዳለቀስሽው።”

ሳሩን እንደያዝኩ፣ ተንበርክኬ፣ ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አልጮኽኩም። ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ አንድም ቃል ሳታሳልፍ፣ ሰው የልጁን የትምህርት ውጤት ሲነበብለት እንደሚሰማው ሰማችኝ። ስጨርስ ሳሩን ከእጄ ተቀብላ ጣራው ሥር ሰካችው። ከዚያ ነው “ና ውጣ” ያለችው። እንዴት እንዳቀፈችው አልጽፍም። ለመጻፍ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

እኔ መምህራን ማሰልጠኛ ገባሁ፤ አባቴም ደስ አለው። አንጁሎ የግብርና ባለሙያ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተጋባን፤ ሴቻ ቤት ሠራን፤ ሁለት ሴት ልጆች አሳደግን። ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ ይዤ እስከ ጡረታ አስተማርኩ። ሰዎች ስለ ኮሌጁ ሲያነሱብኝ አንጁሎ ቀድሞኝ “እሷ ገና ሳታውቀኝ የገደለችኝ ሴት ናት” ይላል፤ እንግዳው ይስቃል፤ ነገሩ በዚያ ያልፋል። ጥሩ ኑሮ ነበር። ይህን የምለው ሐዘንተኛ ሰው ያለፈውን ስለሚያሳምር አይደለም፤ ያኔም ጥሩ መሆኑን አውቀው ነበር።

ስለ ካምባ አንድ ነገር አለ፣ እሱ በሕይወት ሳለ ለማንም አልተናገርኩትም። በነጋታው ጠዋት መኪና ስጠብቅ እናቱ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። ትንሽ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። “አንድ ቀን እውነት ይሆናል” አለችኝ። “እኔ ያኔ የለሁም። የሚያለቅስለት ሰው አንቺ ሆነሽ ብትገኚ፣ ከዚህ አሳንሰሽ እንዳታለቅሺለት።” ልጅ ነበርኩ፤ እሺ አልኳት።

አንጁሎ የሞተው ስኳር ለረጅም ጊዜ ካሠቃየው በኋላ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ ከእሱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መጥተው በማይክሮፎን ዘመሩ። ዛሬ ዛሬ እንደ ድሮው የሚሮጥ፣ የሚጮህ የለም። ሰው ሁሉ ጆሮዬ ላይ “ተጽናኚ” ይለኛል፣ ልጆቼ ለደም ግፊቴ ሰግተው እጄን ይዘዋል። ሁለት ቀን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰው ሳይበዛ ተነሳሁ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ የድንኳኑን መጋረጃ ከፈትኩ። ልጆቼ ሊይዙኝ መጡና ፊቴን አይተው ተዉኝ። በጋሞኛ ነበር፤ ልጆቼ ግማሹን አይሰሙትም። መንገድ ስንሄድ ፀሐይ ባለበት በኩል እሱ እየሆነ ለእኔ ጥላውን እንደተወልኝ። የማንጎ ሥጋውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ፍሬውን ይመጥ እንደነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ ከመስክ ሥራ ሌሊቱን በእግሩ እንደመጣ። ዓይኑ ከደከመ በኋላ ጋዜጣ ሳነብለት የሚያይ መስሎ ያርመኝ እንደነበር። እየሄድኩ፣ እየተመለስኩ፣ አንድ በአንድ ጠራሁት። አንዱንም አልፈጠርኩም። ገና ሳልጨርስ ፀሐይዋ ወጥታ ድንኳኑ ሞቀ፤ ከጎረቤት ያሉት የደጋ ሴቶች ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ በአንድ እየገቡ ይቀበሉኝ ጀመር።